ገመዱ ሲላላ

«ጋሼ፣ ይቁሙ!» ብላ ሰርካዲስ ስትጮህ፣ ጡረታ የወጡት የጭነት መኪና ሹፌር አቶ ጸጋው ባጃጅ የመጣባቸው መስሏቸው ዘለው ቦይ ውስጥ ገቡ። ትንሹ ውሻቸው ዝንጅብል ግን አሁንም ገመዱን ወጥሮ ወደ ፒያሳ ይጎትታቸዋል።

«የታለ ባጃጁ?» አሉ፣ የራሰ ጫማቸውን እያራገፉ።

«ባጃጅ የለም ጋሼ። ውሻው ሲጎትትዎ ይቁሙ ማለቴ ነው።»

ሰርካዲስ አፍራ አቀረቀረች። የእንስሳት ሕክምና ተምራ ከተመረቀች ዓመት አልሞላትም፤ በሰው ጉዳይ መግባትም አትወድም። ነገር ግን ጎረቤቷ በየቀኑ እየተነጫነጩ ሲጎተቱ ማየት ሰልችቷታል።

«እሱ ይጎትት፣ እኔ ልቁም? አጥፊው እኔ ነኝ ማለት ነው?»

«ጎትቶ ካሰበበት ከደረሰ፣ መጎተት እንደሚያደርስ ይማራል። የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎት።»

«እኔማ ስስበው ነው የምውል! ክንዴ ሊገነጠል ነው። ውሻ ያለ ዱላ መች ይማራል?»

«ዱላውን ሞከሩት?»

አቶ ጸጋው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ባሰበት። ባለፈው ጁምዓ ወይዘሮ መዲና ለሶላት ሲወጡ ዘሎ ቀሚሳቸውን ላሰባቸው። እንዲህ ሲያደርጋቸው ሦስተኛው ነው። የውሻ ልጋግ በነካው ልብስ አይሰገድም፤ አጥበውና ቀይረው እስኪመለሱ ሶላቱ አለፋቸው። ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን አይመልሱም» አሉ።

ነገሩ የክንድ ሕመም ብቻ አለመሆኑ ያን ጊዜ ገባት።

«ጋሼ፣ በጭነት መኪናዎ የሐረጎን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ነበር የሚወርዱት?»

«አብደሻል? ፍሬኑ ይቃጠላል! ገና ከላይ ማርሽ ቀንሰሽ ነው እንጂ።»

«ይኸው ነው። ከሮጠ በኋላ ቢስቡት ዋጋ የለውም። ገመዱ ገና ሲወጠር ይቁሙ። አይሳቡት፣ አይቆጡት። ዞሮ አይቶዎት ገመዱ ሲላላ፣ እግርዎ ሥር ቁራሽ ዳቦ ይስጡትና ይሂዱ።»

«በዚህ አካሄድ ፒያሳ የምደርሰው ለፋሲካ ነዋ!»

በመጀመሪያው ቀን ከበራቸው እስከ ሰፈሩ ሱቅ ሠላሳ ጊዜ ቆሙ፤ በቆሙ ቁጥርም የተማረ ሰውን ሁሉ አማረሩ። በማግስቱ ዝናብ እየመታቸው ቆሙ። ቁጣ ሁለቱንም ከማድከም በቀር ያስተማረው ነገር እንዳልነበረ የተረዱት ቀስ ብለው ነው። በሁለተኛው ሳምንት ክንዳቸው ተሻላቸው፤ ዝንጅብልም እየታነቀ ማሳሉን ተወ። ዱላው ከበር ጥግ ሳይነሳ ሰነበተ።

በሦስተኛው ጁምዓ ወይዘሮ መዲና ከቤታቸው ብቅ አሉ። ሰርካዲስ ከደጇ ሆና ታያለች። ሴትዮዋ ውሻውን ሲያዩ ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ። ገመዱ ተወጠረ። አቶ ጸጋው ቆሙ። ዝንጅብል ቀሚሱን አየ፤ ዳቦ ያለበትንም ኪስ አየ። ዞሮ መጥቶ እግራቸው ሥር ቁጭ አለ።

«ሱብሃነላህ! ጋሽ ጸጋው፣ ማን ገራልዎ?»

«የተገራሁትስ እኔ ነኝ። ያቺ ዝምተኛ ልጅ ናት የገራችኝ።»

ወይዘሮ መዲና ሳቁ። «ለመሆኑ ደህና ዋሉ?» አሉና ቁልቁል ወረዱ። ለሶላቱም በሰዓቱ ደረሱ።