የመቶ ሃያ እንቁላል ትኩሳት

መቶ ሃያ እንቁላሎቼ በብርድ ሞቱ። የገደሏቸው አከራዬ ናቸው፤ ያስገደልኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ። የሳቸው ጥፋት ስለሚያስቅ ከሳቸው ልጀምር፤ የኔን ሲደርስ እናገራለሁ።

አከራዬን ሰፈሩ በሙሉ «ሲስተር» ይላቸዋል። ሲስተር አይደሉም፤ ሠላሳ ዓመት ክሊኒክ የሠሩ ጡረተኛ ድሬሰር ናቸው። ቁስል ጠርገዋል፣ መርፌ ወግተዋል፣ ከሁሉ በላይ ግን ትኩሳት ለክተዋል። ዛሬም ሰው ሰላም ሲላቸው ሙቀቱን ሳይገምቱ እጁን አይለቁም። እኔ ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይቻለሁ። በአንዱ እኖራለሁ፤ በሌላው የእንቁላል መፈልፈያ ማሽኔ ይኖራል። በእንስሳት እርባታ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሥራ ፈለግሁ፤ በሦስተኛው መፈለጉ ሰለቸኝና ማሽኑን ገዛሁ። እሱን የሚያስገባ አከራይ ለማግኘት ዘጠኝ በር አንኳኩቻለሁ። ስምንቱ «ይሸታል»፣ «ይጮኻል»፣ «ቤት ያቃጥላል» አሉኝ። ዘጠነኛዋ ሲስተር ነበሩ።

እንቁላል ማሽን ውስጥ ሃያ አንድ ቀን ይቆያል። ማሽኑ ራሱ ያሞቃል፣ ራሱ ያገላብጣል፤ ሰው የሚጨምርለት ውሃ ብቻ ነው። እንቁላሎቹ በገቡ በአምስተኛው ቀን ለአራት ቀን ሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ነበረብኝ። ውሃውን ሞላሁ፣ ቦርሳዬን አንጠለጠልኩ፣ በሲስተር በር በኩል እየሮጥኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ወረወርኩ፦

«ሲስተር፣ እንቁላሎቹን አደራ፣ እያዩልኝ!»

እኔ «እያዩልኝ» ስል በዐይን ማለቴ ነበር። ሠላሳ ዓመት ክሊኒክ ለሠራ ሰው ግን «ማየት» ሌላ ነው። ሐኪም በሽተኛ «አየ» ሲባል መረመረ፣ አከመ ማለት ነው።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከታክሲ ስወርድ ከሲስተር ጋር በሩ ላይ ተገጣጠምን። እርጥብ ፎጣ የሞላ ሳፋ ታቅፈው ወደ ልብስ ማስጫው ይሄዳሉ። ፊታቸው በርቷል።

«እንኳን ደህና መጣሽ! አይዞሽ፣ አልፏል።»

«ምኑ ነው ያለፈው?»

«ትኩሳቱ ነዋ። ወረደልሽ።»

«የማን ትኩሳት?»

«የልጆችሽ ነዋ፣ የማን ይሆናል! ሠላሳ ሰባት ነጥብ ሰባት! ምነው፣ እንዲህ ታመው ጥለሻቸው ትሄጃለሽ? ያውም የተማርሽ ሰው።»

ቦርሳዬን እዚያው ጥዬ ሮጥኩ። ክፍሉ ጭር ብሏል። የማሽኑ ማራገቢያ አይሰማም፣ መብራቱ ጠፍቷል። ክዳኑ ላይ በልኩ የታጠፈ እርጥብ ፎጣ ተነጥፏል። ግድግዳው ላይ በማስመሪያ የተሰመረ የሙቀት ሰንጠረዥ ተለጥፏል፤ ከሥሩም ቆንጆ በሆነ የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦

«አንደኛ ቀን ጠዋት፦ 37.7። እርጥብ ጨርቅ ተደረገ። አንደኛ ቀን ማታ፦ 37.7። ክዳን ተከፍቶ ተራገበ። ሁለተኛ ቀን፦ ግትር ትኩሳት፤ ሲወርድ መልሶ ይወጣል። መድኃኒት በአፍ መስጠት አልተቻለም። ሦስተኛ ቀን፦ ሶኬቱ ተነቀለ። ትኩሳት ወርዷል። ታማሚዎቹ ጸጥ ብለዋል።»

በእርግጥም ጸጥ ብለዋል።

ሲስተር ከኋላዬ ደረሱ። ምስጋና እየጠበቁ ነበር።

«ሲስተር፣ ገደሏቸው እኮ!»

«ማንን?»

«እንቁላሎቹን! ሠላሳ ሰባት ነጥብ ሰባት ትኩሳት አይደለም፤ ልካቸው ነው!»

«ሠላሳ ሰባት ነጥብ ሰባት ልኩ የሆነ ሰው በሠላሳ ዓመቴ አላየሁም።»

«ሰው አይደሉማ!»

«እሱን ሳትሄጂ ብትነግሪኝ ጥሩ ነበር።»

የኔ ጥፋት እንግዲህ ይሄ ነው። ልኩን ለሳቸው መንገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር፤ ሁለቱን ደቂቃ ሰሰትኩ። እኛ የተማርን ሰዎች ያወቅነውን ነገር ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ይመስለናል፤ ሳያውቅ ሲቀር ደግሞ የምንቆጣው በሱ ላይ ነው። እኔም ይቅርታ እንደመጠየቅ ጮህኩባቸው።

ሲስተር ሳፋውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ሲቆጡ አይጮኹም፤ እያንዳንዱን ቃል ረግጠው ይናገራሉ።

«ስሚኝ፣ ምሁሯ። እኔ ከመጀመሪያውም ይሄን ነገር አልወደድኩትም፤ ለአንቺ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እንቁላል የሚታቀፈው ዶሮ ነው። ማቀፍ ደግሞ ክንፍ ይፈልጋል፣ ደረት ይፈልጋል። ይሄ ቆርቆሮ ምን ደረት አለው? እስከ ቅዳሜ አውጪልኝ።»

ቅዳሜ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ማሽኑ ከዚያ ክፍል ከወጣ የሚገባበት ሌላ ክፍል የለም፤ ማሽን ከሌለ ጫጩት የለም፤ ጫጩት ከሌለ የሚፈለፈለውን ሁሉ ለመግዛት ቃል የገባልኝ መኖ ሻጭ ሌላ ሰው ይፈልጋል፤ እኔም ተመልሼ ሥራ ፈላጊ ነኝ። ስለዚህ ድምፄን ዝቅ አደረግሁና ክርክር ጀመርኩ።

«እሺ ሲስተር። ዶሮ ስንት እንቁላል ትታቀፋለች?»

«አሥራ ሁለት። ጎበዝ ከሆነች አሥራ አራት።»

«ሃያ አንድ ቀን ሙሉ እንደተቀመጠች እንቁላል ትጥላለች?»

«ታቅፋ እንዴት ትጥላለች!»

«ጫጩቶቹን ይዛ ስትዞርስ?»

«አራስ ናት፤ ሁለት ወር አትጥልም።»

«ስለዚህ አሥር ጫጩት ለማግኘት የሦስት ወር እንቁላል እናጣለን ማለት ነው።»

«አራስን ከኪሳራ ትቆጥሪያለሽ? አታፍሪም?» አሉና ቀጠሉ፦ «ደግሞስ ከማሽን የወጣ ጫጩት እናት የለው። መጫር ማን ያስተምረዋል?»

«ይጭራል ሲስተር፤ ማንም ሳያስተምረው ይጭራል። ይልቅ እርስዎ ይንገሩኝ፤ ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ምን ይደረጋል?»

«ሆስፒታል ይላካል። ማሞቂያ ውስጥ ይገባል።»

«ማሞቂያው ደረት አለው?»

«እሱ በሐኪም ትእዛዝ ነው» አሉ።

«ሐኪም ካዘዘው ቆርቆሮም ያቅፋል ማለት ነው?»

«አታስቂኝ፤ ተቆጥቻለሁ።»

በዚህ መሐል የሳቸው ዶሮ ከደረጃው ሥር፣ አሮጌ የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣ በአንድ ዐይኗ ታየናለች። ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ።

«የርስዎ ዶሮ ሙቀቷ ስንት ይመስልዎታል?»

«ጤነኛ ናት። ሠላሳ ስድስት ተኩል አካባቢ ነዋ።»

«አርባ አንድ ናት።»

«አርባ አንድ የገባ ፍጡር ይቃዣል፣ ይንቀጠቀጣል። እሷ እንዴት እንደተቀመጠች አታዪም? እንደ እመቤት!»

«እንግዲያው ይለኳት።»

ለሲስተር «ይለኩ» ማለት ለዘፋኝ «ይዝፈኑ» እንደማለት ነው። ገብተው ቴርሞሜትራቸውን አመጡ፤ በአልኮል ጠረጉት፣ አራገፉት፣ ወደ ብርሃን አንስተው አዩት።

«ያዣት። በክንፏ አይደለም፣ ሰውነቷን። እግሯን! እግሯን ነው ያልኩሽ!»

«ነከሰችኝ!»

«ታማሚ ይነክሳል፤ አትልቀቂ።»

«ከየት ነው የሚለካው?»

«በብብቷ እንዳንለካ ላባ፣ በአፏ እንዳንለካ ትሰብረዋለች። የቀረው የት እንደሆነ ዩኒቨርሲቲ ካላስተማሩሽ እኔ አልነግርሽም።» ከዚያ ለዶሮዋ፣ ለኔ ተናግረውኝ በማያውቁት ለስላሳ ድምፅ፣ «አይዞሽ እናቴ፣ ትንሽ ነው፣ አለቀ፣ አለቀ» አሏት።

ሰዓታቸውን እያዩ ሁለት ደቂቃ ቆጠሩ። ቴርሞሜትሩን አወጡ፣ ጠረጉ፣ አነበቡ። እንደገና አነበቡ። አራግፈው እንደገና ለኩ። ዶሮዋ በዚህኛው ጊዜ አመረረች፤ ላባዋ አፌ ውስጥ ገባ።

«አርባ አንድ ነጥብ አንድ» አሉ ቀስ ብለው። «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል።»

በአልኮል ሁለት ጊዜ ጠርገው፣ በኔም ጥያቄ ሦስተኛ ጊዜ ጠርገው፣ ብብቴ ሥር ሰኩት። ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስድስት ሆንኩ። ቴርሞሜትሩ ደህና ነበር።

ሲስተር የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡ። ዶሮዋ ወደ ካርቶኗ ተመልሳ፣ ላባዋን አራግፋ፣ እንቁላሎቿን በመንቁሯ አስተካክላ ተኛችባቸው። ሲስተር ከወደቀው ጥሬ ቆንጥረው ፊቷ ጣሉላት፤ ለቀመችው።

«አርባ አንድ ይዛት ትበላለች» አሉ።

«ልኳ ነው።»

«ከሥሯ ያለው እንቁላልስ?»

«ሠላሳ ሰባት ተኩል፣ ሠላሳ ስምንት ቢሆን ነው። ማሽኑ የሚሠራው እሷ የምትሠራውን ነው፤ ልዩነቱ መቶ ሃያ ማቀፉ ነው።»

«እንግዲህ እነዚያ ልጆች አላተኮሳቸውም ነበር።»

«አላተኮሳቸውም።»

«በርዷቸው ነው።»

«በርዷቸው ነው።»

«እርጥብ ፎጣ ጣልኩባቸው።»

«አዎ።»

«ውይ በሞትኩት!»

እኔ ሰው ሲያዝን ምን እንደሚባል አላውቅበትም። «ጥፋቱ የኔም ነው፤ ልኩን አልነገርኩዎትም» አልኩ።

«አንቺማ ዋናዋ ነሽ» አሉ ወዲያው፤ ባልዲው ላይ ቀና ብለው። «ተረኛ ሳያስረክብ ይወጣል? የታካሚው ልክ ስንት ነው፣ ሲወርድ ምን ይደረግ፣ ሲወጣ ማን ይጠራ፣ ይሄ ሁሉ ተጽፎ ነው የሚወጣው። አንቺ ‹እያዩልኝ› ብለሽ በረርሽ! እኔ ደግሞ አየሁልሽ።» ተነሡ፤ ቀሚሳቸውን አራገፉ። «አንድ ጊዜ ደግመሽ ታስገቢያለሽ። ከፈለፈለ ማሽኑ ይቆያል። ካልፈለፈለ ይወጣል፤ ኩርፊያ የለም።»

በማግስቱ መቶ ሃያ እንቁላል፣ አውራ ዶሮ ካለበት እርባታ፣ አመጣሁ። ሲስተር አዲስ ሰንጠረዥ አሰመሩ። አናቱ ላይ በትልቁ «ልክ፦ 37.7» ብለው በቀይ ጻፉ፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመሩበት። እጅ ሳይታጠቡ መግባት ቀረ። ጫማ በር ላይ ቀረ። አንድ ቀን ጠዋት የክፍሉ መስኮት በደንብ ባለመዘጋቱ ብቻ የተረኛ ግዴታን የሚመለከት ንግግር ሩብ ሰዓት አደረጉልኝ። መብራት በጠፋበት ቀን ደግሞ እኔ ግቢው ውስጥ ስንቆራጠጥ እሳቸው ማሽኑን በደረቅ ብርድ ልብስ ሸፍነው፣ የአየር ቀዳዳዎቹን ብቻ ከፍተው፣ ዳር ዳሩን በሙቅ ውሃ ጠርሙስ ከበውት አገኘኋቸው። ሙቀቱ አንድ ዲግሪ እንኳ አልወረደም። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ስማር ስለ ጠርሙሱ የነገረኝ የለም።

በሰባተኛው ቀን ክፍሉን አጨልመን አንድ እንቁላል በእጅ ባትሪ አበራንበት። ውስጡ ቀያይ ክሮች እንደ ሥር ተዘርግተው፣ መሐላቸው አንዲት ነጥብ ትርገበገባለች። ሲስተር መነጽራቸውን አወጡ።

«ልቡ ናት?»

«ልቡ ናት።»

ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ለመቁጠር ሞከሩ፤ አልደረሱባትም። «ከሁለት መቶ በላይ ትመታለች። ይሄም ልኩ ነው?»

«ልኩ ነው።»

«እሺ። ጻፊው።»

ሲስተር ማሽኑን «ቆርቆሮ» ማለት የተዉት በዚያ ቀን ነው። «የታማሚዎች ክፍል» ማለት ጀመሩ።

በሃያ አንደኛው ቀን መቶ አራት ጫጩት ተፈለፈለ። በማግስቱ ደርቀው ቢጫ ቢጫ እያሉ ወደ ሞቃት ካርቶን ተዛወሩ፤ ሲስተርም ማሽኑን በበረኪና አጥበው ሲያደርቁ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ መኖ ሻጩ መጣ። ሲስተር ሳሎን ተቀመጥን። አንዷን ጫጩት መዳፉ ላይ አድርጎ አገላብጦ አያት።

«ደህና ናቸው። ግን እናት የሌለው ጫጩት ይበረታል ይላሉ?» አለ ወደ ሲስተር ዞሮ።

እኔ አፌን ስከፍት ሲስተር በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ ልንገርህ። ዶሮ ብትታቀፈው አሥር ታወጣልሃለች፤ ይሄ መቶ አራት አወጣ። ዶሮዋ በዚያ ጊዜ እንቁላሏን እየጣለች ነው፤ ቤት ያለው ሰው ይበላል፣ የተረፈውን ይሸጣል። ከእናት የሚጋባባቸው ቅማል የለም። ሁሉም የአንድ ቀን ልጆች ስለሆኑ የፈንግል ክትባታቸውን በአንድ ቀን ትጨርሳለህ፤ ይሄ ደርሶለታል፣ ያ ቀርቶታል የለም። ሙቀታቸውን ጠብቅ፣ ውሃቸውን ንጹሕ አድርግ። እናት ማለት እሱ ነው። ሌላው ወሬ ነው።»

ቃል በቃል የኔ ክርክር ነበር። በሳቸው አፍ ግን ከመቶ ዓመት ጀምሮ የታወቀ ነገር መሰለ። መኖ ሻጩ ራሱን ነቀነቀና ሁሉንም እንደሚወስድ ተናገረ። ቀጥሎ ወደኔ ጠጋ አለ።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ላስብልሽ። ከመደብሬ ጀርባ ሰፊ መጋዘን አለኝ። ማሽኑን ለምን እዚያ አናዛውረውም? ብትፈልጊ ሁለተኛ ማሽን ይገባል፤ ማንም አይነዘንዝሽም።»

አልዋሽም፤ አሰብኩበት። ሰፊ ቦታ፣ ሁለተኛ ማሽን፣ በመስኮት ምክንያት ንግግር የማያደርግ ግድግዳ። «እስቲ…» ማለት ጀመርኩ።

«የትም አይሄድም» አሉ ሲስተር።

«እንዴት?» አለ መኖ ሻጩ።

«ዛሬ ማለዳ መቶ ሃያ አስተኝቻለሁ።»

«ማን ፈቀደ?» አልኩ ተነሥቼ።

«የእርባታው ሰው ያዘዝሽውን እንቁላል ይዞ ሲያንኳኳ አንቺ ተኝተሽ ነበር። እንቁላሉን ፀሐይ ላይ ላቁመው? አንድ በአንድ አይቼ፣ የተሰነጠቀውን መልሼ፣ አስተኛሁ። የተኛ ታካሚ ከአልጋው አይነሣም፤ አልጋውም ከክፍሉ አይወጣም። ሃያ አንድ ቀን ቆይታችሁ ጠይቁኝ። ያኔም እምቢ ነው የምለው።»

ሰዓታቸውን አዩ። የውሃውን ጆግ ከጠረጴዛው አነሡ።

«ደግሞ ድምፃችሁን ቀንሱ» ብለው ወጡ፤ በሩንም ከኋላቸው ኮሽ ሳያደርጉ ዘጉት።