ሳይፈተሽ የገባ ፍላሽ

ጡረተኛው ልብስ ሰፊ ኮምፒውተራቸውን በአንሶላ ጠቅልለው ደረጃውን ሲወርዱ ከላይኛው ፎቅ ጎረቤታቸው ጋር ተገጣጠሙ። ልጅቱ ኮምፒውተር ጠጋኝ ናት።

«አባባ፣ ወዴት ይዘውት ነው?»

«ላሳክመው ነዋ! ቫይረስ ገባበት አሉኝ። የባለቤቴን ድምፅ ብከፍት ብከፍት እምቢ አለኝ።»

ሚስታቸው ካረፉ ዓመት አልሞላም። «አንተ ሰውዬ፣ ቁርስህ ቀዘቀዘ!» ሲሉ የተቀዳ ድምፃቸውን ሳይሰሙ አዛውንቱ እህል አይቀምሱም ነበር፣ ምስኪን።

ልጅቱ ኮምፒውተሩን ተሸክማ ወደ ቤታቸው መለሰችላቸው። ኢንተርኔቱን ነቅላ፣ ከራሷ ዲስክ የቫይረስ ማጽጃ ፕሮግራም እየጫነች ጠየቀች።

«አንቲቫይረሱን ማን አጠፋው?»

«እኔው ነኝ። ጎረቤት ፎቶ ሊያሳየን ፍላሹን ሲሰካ አንቲቫይረሱ ‹ልፈትሽ› እያለ ይጮኻል። ባለቤቴ ‹እንግዳ አታሳፍርብኝ፣ ዝጋው› አለችኝ፤ ዘጋሁት።»

«ታዲያ ሳይፈተሽ ይገባል?»

«ፍላሽህን ልፈትሽ ማለት ሌባ ነህ ማለት አይደለም እንዴ?»

«ድፍረት አይሁንብኝ አባባ። ያመጣው ሰው ቫይረስ መኖሩን መች ያውቃል? ሲፈተሽለት እሱም ይተርፋል። ዝም ካሉት ግን ወደ ልጆቹ ቤት ይዞት ይሄዳል። ነውሩ የቱ ነው?»

አዛውንቱ ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጉ። ይሉኝታ ስንቱን ቤት እንዳራቆተ ማን በነገራቸው!

ልጅቱ ስትጨርስ ቀና አለች። «ቫይረሱ ወጥቷል። ድምፁን ግን አበላሽቶታል፤ ያለኝን ዘዴ ሁሉ ሞከርኩ። ሌላ ቦታ ቅጂ አለዎት?»

«የለኝም፣ ልጄ።»

«አዝናለሁ አባባ።»

«ወይኔ! እንግዲህ ዛሬ ደግሞ ሁለተኛ ቀበርኳት» አሉና እንደ ሕፃን አለቀሱ። ልጅቱም አብራ አለቀሰች።

በዚህ መሀል በሩ ተንኳኳ። የፊት ለፊት ጎረቤታቸው የሟች እናቷን ፎቶዎች ልታሳይ ፍላሽ ይዛ ገባች። አዛውንቱ እንባቸውን ጠረግ አደረጉ።

«እህቴ፣ አትቀየሚኝ። መጀመሪያ ይፈተሽ።»

«ምነው፣ እኔን ተጠራጠሩኝ?»

«አንቺንማ ምን ብዬ! እኔን ያገኘኝ እንዳያገኝሽ ብዬ ነው። ፎቶዎቹ ሌላ ቦታ አሉሽ?»

«ኧረ የሉኝም።»

ሲፈተሽ ፍላሹ ቫይረስ ተገኘበት። ሴትዮዋ «እኔን ይድፋኝ!» ብላ አፏን ያዘች። ደግነቱ ፎቶዎቹ አልተነኩም ነበር፤ ልጅቱ ቫይረሱን አጥፍታ በሌላ ፍላሽም ገለበጠችላት።

«ከእንግዲህ እዚህ ቤት ሳይፈተሽ የሚገባ የለም» አሉ አዛውንቱ፣ «የምትወዱትንም ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ቢጠፋ አንዱ ይቀራል። እኔ ይህን ያወቅሁት የባለቤቴን ድምፅ ከፍዬበት ነው።»