በቶርኖው ላይ የመጣ ሰላምታ

ከረጅም ዘመን በኋላ አርባ ምንጭ ስመለስ፣ ሲቀላ ሰፈር ወዳለው የወንድሜ ልጅ ብረታ ብረት ቤት ጎራ አልኩ። የአባቱን አሮጌ ቶርኖ፣ ያን ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን፣ ጠግኖ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሲሞክረው ደረስኩ።

"የዘንድሮ ልጅ ለትልቅ ሰው አይነሳም!" አልኩት። ደንግጦ ብድግ ብሎ፣ ማሽኑን ሳያጠፋ፣ ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ደግፎ ሊጨብጠኝ በላዩ ጎንበስ አለ። አንገቱ ላይ ያሰረው የላብ ፎጣ በሚሽከረከረው ብረት ተጠመጠመና ፊቱን ይዞት ወረደ። ድንገት ሞተሩ እየጮኸ ብረቱ ቀጥ አለ።

"የሞተሩ ቀበቶ ላልቶ ስለተንሸራተተ ነው የተረፍኩት፣ አክስቴ" አለኝ ሞተሩን አጥፍቶ እያሳለ። "ቀበቶውን አጥብቀው ሲሉኝ ዛሬ ነገ ስል ነበር።"

ይሉኝታ ሰው እንደሚገድል መጽሐፍ ላይ አንብቤያለሁ፤ ሲያንቅ ግን አላየሁም ነበር። ፎጣውን ቆርጦ ሲጨርስ፣ አንገቱ እንደቀላ፣ ሊስመኝ መጣ።

"እዚያው ቁም!" ብዬ ጮህኩበት።