ዘምዘም የተኛችበት ጳጉሜ

እኛ ልጆች በነበርንበት ዘመን፣ ስሙኝማ፣ ክረምት ወጣ ብሎ ያዘነ ሰው አላየሁም። ማን ያዝናል? ጭቃው፣ ጉሙ፣ የሚያንጠባጥበው ጣራ! እናቴ ጳጉሜ ስትገባ "ያረቢ ተመስገን፣ ይሄንንም አወጣኸን" ትል ነበር፣ እና እኛም ደስ ይለን ነበር። ታዲያ ዛሬ እኔ ሽማግሌው እንድሪስ፣ ሰማዩ ገለጥ ሲል ሆዴ ይባባል። ምነው በሉኝ እንጂ!

"ምነው ጋሽ እንድሪስ?"

ልጆች ይሄዱብኛላ! ትምህርቱ ሲከፈት የእኛ ቤት ጭር ይላል። ይኸው ነው።

ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። ትልቋ ዘምዘም ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፣ ክር ፈተላ ላይ። ትንሿ ሐያት ጅማ ትማራለች። ዘንድሮ ሐያት ለክረምት መጣች ስንል ቢስቲማ የሚኖሩት የባለቤቴ እናት ታመሙና እሳቸውን ስታስታምም ከረመች። እና ሐያት ደሴ እኛ ጋ ስትመጣ ዘምዘም ፈረቃ ላይ ናት፣ ዘምዘም እረፍት ስትወጣ ሐያት ቢስቲማ ናት። ክረምቱን ሙሉ እህትማማቾቹ አንድ ቀን እንኳ አብረው አልዋሉም። ታዲያ ሐያት የምትመለስበት ቀን ደረሰ።

ባለቤቴን ከድጃን "አንቺ፣ እነዚህን ልጆች ባንድ እሳት ዙሪያ ሳላያቸው ክረምቱ ሊወጣ ነው እኮ" አልኳት።

"ታዲያ ወንድሜ ጋ እንውረዳ! በቆሎው ደርሷል።"

ወንድሟ ሰይድ ገራዶ ነው ያለው፣ ገበሬ ነው። በእነሱ ቤት እሸት ሲደርስ የመጀመሪያውን እዚያው ማሳው ዳር ጠብሰው ይበላሉ፣ እና ተበልቶ ሲያበቃ ታላቅ የሆነ ሰው ዱዓ ያደርጋል፤ ለእህሉም፣ ለመንገደኛውም። ሌላው እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል፣ ጮክ ብሎ!

ለዘምዘም ደወልኩላት። "አባዬ፣ ሌሊት ገቢ ነኝ" አለችኝ። "እንግዲያው ተዪው ልጄ፣ እረፊ" አልኩ። እሷ ግን "ገራዶ ጠብቁኝ" ብላ ስልኩን ዘጋችው።

መጣች እኮ! ወላሂ መጣች! ሌሊቱን ቆማ አድራ፣ ጠዋት ከፈረቃ ወጥታ፣ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥታ፣ ደሴ ላይ መኪና ቀይራ፣ የጥጡ ብናኝ ፀጉሯ ላይ እንዳለ። ሰይድ ሲያያት "ኧረ ይቺ ልጅ ሳትዳር ሸበተች!" ብሎ ጮኸ። ሰይድ ሲያወራ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው ይሰማዋል።

"አጎቴ፣ አንተን እየሰማሁ አድጌ ባልሸብት ነው የሚገርመው" አለችው።

ሳቅን። እሳቱ ዳር ተቀመጠች። በቆሎ ሰጠናት። ሐያት ተጠጋቻትና "ስሚ ዘሚ፣ የምነግርሽ ጉድ አለ፣ ክረምቱን ሙሉ ያጠራቀምኩት..." ብላ ጀመረች፣ እና ቀና ብላ ብታይ፣ እህቷ ተኝታለች። በቆሎው እጇ ላይ ነው። የጎረሰችውን እንኳ አኝካ አልጨረሰችም!

"ዘሚ! ኧረ ተኛች! አባዬ ልቀስቅሳት?"

እኔም ልቤ ሁለት ሆነ። ቀስቅሻት እንዳልል ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ነው ያደረችው። ተዪያት እንዳልል ይቺ ነገ ሂያጅ ናት።

ከድጃ ግን "ማንም እንዳይነካት!" አለች።

"እማ፣ ነገ እኮ ነው የምሄደው!"

"ሰው ቤት አይደለም የተኛችው፣ እኛ መሀል ነው የተኛችው። ወሬሽ አይሻግትም።"

ሐያት ዓይኗ እንባ ሞላ። ታዲያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? የእህቷን ራስ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው፣ እና የጥጡን ብናኝ ከፀጉሯ ላይ አንድ በአንድ ትለቅም ጀመር።

እና ከዚያ በኋላ፣ እናንተዬ፣ ያን ቀን በሹክሹክታ ዋልነው። ሰይድን አስቡት! "በቆሎ አቀብሉኝ" ለማለት ደም ስሩ ይገታተራል፣ ድምፁን አፍኖ ሊሞት! አንድ ሰውዬ በመንገድ ሲያልፍ "አሰላሙ ዓለይኩም!" አለን። ሁላችንም ጣታችንን አፋችን ላይ አድርገን በእጃችን ብቻ መለስንለት። ሰላምታ በእጅ! ሰውዬው ክው አለ። ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣና "አላህ ያጥናችሁ፣ ማን ነው የሞተው?" አለ በለሆሳስ።

"ኧረ እንቅልፍ ነው፣ እንቅልፍ!" አልኩት።

ዘምዘምን አየት አደረገና "ማሻአላህ" ብሎ ተቀመጠ። በቆሎም በላ። እሱም አብሮን ሲንሾካሾክ ቆየ።

ፀሐይዋ እያለች ዝናብ ጣለ፣ የጳጉሜን ዝናብ ታውቁት የለ። ሰይድ ላስቲክ አመጣ፣ እና እሱና ሰውዬው፣ እኔና ከድጃ አራቱን ጫፍ ይዘን በልጆቹ ላይ ወጥረን ቆምን። እኛ በሰበስን፣ እነሱ ደረቅ ናቸው። እና ወደ ታች አየኋቸው፤ አንዷ ተኝታ፣ አንዷ እግሯ ደንዝዞ ንቅንቅ ሳትል። ሱብሐነላህ! እኔ ይሄን ለማየት ምን ሠርቼ ነው አልኩ።

ዝናቡ ሲያባራ ዱዓው ደረሰ። ታላቅ እኔ ነኝ፣ እና እጄን ዘርግቼ በሹክሹክታ ጀመርኩ። "ያረቢ፣ መንገዷን አቅናላት።" አሚን አሉ በትንፋሽ። ከድጃ ጎንበስ ብላ የተኛችውን ልጅ መዳፍ ቀስ አድርጋ ወደ ሰማይ ገለበጠችው፣ እሷም ዱዓው እንዳያመልጣት። እኔ ይሄን ሳይ፣ "ያረቢ፣ እነዚህን ልጆች አትለያያቸው" አልኩ፣ እና ሰይድ አልቻለም!

"አሚን!"

የበቆሎው ወፍ ሁሉ ብር አለ! ዘምዘም ዓይኗን ሳትገልጥ፣ መዳፏ እንደተዘረጋ "አሚን" አለች። ከዚያ "ምን ተብሎ ነው?" ብላ ነቃች።

ቀና ብላ ፀሐይዋ እንዳዘቀዘቀች አየች። "ለምን አልቀሰቀሳችሁኝም? ለእንቅልፍማ ኮምቦልቻ አልጋ ነበረኝ! ለእሷ ነው እኮ የመጣሁት!" አለቀሰች። ሐያት ልታቅፋት ብትነሳ እግሯ ደንዝዟልና ላይዋ ላይ ወደቀችባት፣ እና ተቃቅፈው ሳቁ፣ አለቀሱ፣ እኔ ልለየው አልቻልኩም።

ዘምዘም ማታ ፈረቃ ገቢ ናት። ወደ መኪናው መንገድ ስንሄድ እኔ "ወይ ጉልበቴ" ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከድጃ አየችኝ።

"ጉልበትህን ነው?"

"አዎ።"

"በል እንግዲህ፣ የእኔም አሞኛል" ብላ አጠገቤ ተቀመጠች። የሁለታችንም ጉልበት፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው! እና ልጆቹ ባንድ ሻርፕ ተሸፋፍነው ከፊት ከፊት ሄዱ። የሐያት እጅ ሲወራጭ ከሩቅ ይታየኛል፣ ያን ጉድ እየነገረቻት ነው። ምን እንደሆነ እስከዛሬ አልጠየቅኩም። እኛም እስኪጠግቡ ብለን መኪና አሳለፍን።

በነጋታው ሐያት ሄደች። ይኸው ነው። ግን ስንት ክረምት አሳልፌያለሁ፣ እንዲህ አድርጎ የወጣልኝ የለም።

"ታዲያ ጋሽ እንድሪስ፣ ያን ቀን ሙሉ በሹክሹክታ ውለው ይኸው እኛ ላይ ተወጡት!"

ኪኪኪ! ልጄ አሁን አልተኛችማ!