ያልተቋጨው የዘነዘና ክርክር

ክቡራን ለቀስተኞች፣ ከቅርብም ከሩቅም ኀዘናችንን ልትጋሩ የመጣችሁ ሁሉ፣ የአክስቴን የወይዘሮ ብርሃነሽ ኃይለየሱስን ሕይወት ከልደታቸው እስከ ዕረፍታቸው በቅደም ተከተል እንዳነብላችሁ ቤተሰቡ ስላዘዘኝ፣ ጥቂት ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ።

ወይዘሮ ብርሃነሽ ከአባታቸው ከአቶ ኃይለየሱስ ወልደጻድቅና ከእናታቸው ከወይዘሮ በቀለች ሣህሌ በ1917 ዓ.ም. በአርሲ ከዲክሲስ በላይ ባለው ተዳፋት ተወለዱ። ፊደል እንዲቆጥሩ ለአጥቢያው የኔታ ቢሰጡም፣ አንድ «ሀ» እያለ ከ«ለ» ቀጥሎ ሌላ «ሐ» ለምን እንዳስፈለገ ጠይቀው፣ መልሱ ስላላጠገባቸው ደግመው ጠይቀው፣ በመጨረሻ የኔታ ራሳቸው እጃቸውን ይዘው ወደ አባታቸው ስለመለሷቸው፣ ትምህርታቸው በሦስተኛው ፊደል ላይ ተቋረጠ። ከብዙ ዘመን በኋላ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ካቆሙበት የቀጠሉ ሲሆን፣ ለወጣቱ አስተማሪ ያቀረቡት የመጀመሪያ ጥያቄም ያው የቀድሞው ነበር።

ከአቶ ገብረኪዳን ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው አይናለምንና ገብረሥላሴን አፍርተዋል። አቶ ገብረኪዳን ዝምተኛ ሰው በመሆናቸው፣ በቤቱ የሚነሣውን ክርክር የሁለቱንም ወገን ወይዘሮ ብርሃነሽ ይዘው ሲከራከሩ፣ አንዳንድ ጊዜም በባለቤታቸው ወገን ሆነው ራሳቸውን ሲረቱ ኖረዋል። እናታቸው በሠርጋቸው ቀን ከወይራ የተጠረበ ዘነዘና ሰጥተዋቸው ነበር፤ ስለዚህ ዘነዘና በተራው እመለስበታለሁ።

ከመንደራችን በላይ፣ በጥድ ደን ሥር የሚፈልቀውን ቡርቃን የማያውቅ በመካከላችን የለም። በኦሮምኛ ቡርቃ ማለት ምንጭ ስለሆነ፣ «ቡርቃ ምንጭ» የሚል ሁሉ «ምንጭ ምንጭ» ማለቱ እንደሆነ ሟቿ መንገደኛውን ሳይቀር እያስቆሙ ሲያርሙ ኖረዋል። ከጎረቤታቸውና ከልብ ወዳጃቸው ከወይዘሮ አስያ ጋር ሆነው የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም ሴቶች አስተባብረው ምንጩን ያጠሩት፣ ከብት የከለከሉት፣ ጥዱ ከተቆረጠ ውኃው እንደሚሸሽ ከአባቶች የተሰማውን ቃል ይዘው ደኑን በተራ ያስጠበቁት እርሳቸው ናቸው። ይህ ስብስብ ማኅተምም ሊቀመንበርም አልነበረውም፤ ሊቀመንበር ማን ይሁን የሚለው ክርክር ስላላለቀ ነው።

በ1978 ዓ.ም. የመንደር ምሥረታው ወደ እኛ ሲደርስ፣ ለአዲሶቹ ቤቶች ማገርና ምሰሶ የቡርቃ ጥድ እንዲቆረጥ ታዘዘ። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር የወይዘሮ አስያ ልጅ ጓድ ከድር ሲሆን፣ ቆራጮቹን አስከትሎ ወደ ደኑ ሲወጣ ሴቶቹ ስንቄያቸውን ይዘው መንገዱን ዘግተው ጠበቁት። ስንቄ በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ቀጭን በትር ስትሆን፣ ባለስንቄዎች በቆሙበት መካከል ሰንጥቆ የሚያልፍ ወንድ የለም። ስንቄ ያልነበራቸው ወይዘሮ ብርሃነሽ ያንን ከባድ ዘነዘና ተሸክመው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ደረሱና ከሰልፉ መካከል ገቡ።

ወይዘሮ አስያ ወዳጃቸውን ከላይ እስከ ታች ተመልክተው፣ «አንቺ፣ ስንቄና ዘነዘና ምን አገናኘው? ስንቄ እናት በሠርግ ቀን የምትሰጠው ነው» አሏቸው።

«ይህንንስ በሠርጌ ቀን የሰጠችኝ እናቴ አይደለችም?»

«ስንቄ ቀጭን ነው።»

«በቅጥነት ከሆነማ እኔም ልውጣላችሁ» ብለው ወይዘሮ ብርሃነሽ የገዛ ወገባቸውን አሳዩ።

ሴቶቹም ሁለት ወገን ሆነው ተከራከሩ፤ ቆራጮቹም መጥረቢያቸውን ተደግፈው ቆሙ። ጓድ ከድር ፀሐዩ ሲበረታበት፣ «አዮ፣ እናቴ፣ እባካችሁ መንገዱን ለቃችሁ ተወያዩ» ቢል፣ እናቱ «ሰፊው ሕዝብ ይወያይ ስትሉ የከረማችሁት እናንተ አይደላችሁም? እየተወያየን ነው» አሉት። እርሱም መሽቶበት ተመለሰ፤ ለበላይ አካል ባስተላለፈው ሪፖርትም የአካባቢው ሰፊ ሴቶች በጉዳዩ ላይ ጥልቅ ውይይት በማካሄድ ላይ መሆናቸውን ገለጸ። የሰፊውን ሕዝብ ውይይት አቋርጡ ብሎ የሚጽፍ ኃላፊ ስላልተገኘ፣ መንደሩ በባሕር ዛፍ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው በመጣ ቁጥር ሴቶቹ ወጥተው ውይይቱ ገና መሆኑን ሲያስረዱ ኖሩ፤ ደኑም ምንጩም እስከ ዛሬ አለ።

ወይዘሮ ብርሃነሽ ባደረባቸው የሆድ ሕመም በአሰላ ሲታከሙ ቆይተው፣ ሕመሙ በቀኝ ነው በግራ በሚለው ከሐኪማቸው ጋር ሳይስማሙ፣ ትናንት ግንቦት 20 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ዐርፈዋል።

በመንደራችን ባለስንቄዎች ልማድ ባለቤቷ የሞተችባት ስንቄ ተሰብራ በሟቿ መቃብር ላይ ትቀመጣለች። ወይዘሮ አስያ ዛሬ ጠዋት ዘነዘናውን ራሳቸው ይዘው መጥተው እንዲሰበር ጠየቁ፤ ቄሳችንም ዘነዘና የቤት ዕቃ እንጂ ባዕድ አምልኮ አይደለም ብለው ፈቀዱ። አቶ ከድር በመጥረቢያ ቢመታው የመጥረቢያው እጀታ ተሰበረ። ወዲያውም ከሴቶቹ ገሚሱ «የማይሰበር ስንቄ የለም፣ እንግዲህ ስንቄ አይደለም»፣ ገሚሱ ደግሞ «ወንድ ያቃተው በትር ስንቄ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?» አሉ። አሁን በምሥረታው የተሠራው መንደር ፈርሶ ሁሉም ወደ ቀድሞ ቀዬው ሲመለስ ምሰሶ የሚሻ ብዙ ነው፤ ከለቀስተኛውም መካከል ዓይኑን ወደ ጥዱ የሚልክ አይጠፋም። ወይዘሮ አስያ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ አብሰው የሁሉንም ፊት ካዩ በኋላ፣ «ዘነዘናው እንዳለ ይቀመጥ፤ ውይይቱ አላለቀም» ብለዋል።

ከኋላቸው የቤቱን ጸጥታ ገና ያልለመዱትን ባለቤታቸውን አቶ ገብረኪዳንን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ወዳጃቸውን ወይዘሮ አስያንና የቡርቃን ሴቶች ትተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ ዕቅፍ ያኑርልን፤ ስለ «ሐ» የሚጠይቁትንም በትዕግሥት ይመልስላቸው። አሜን።