ቀዩ መስመርና የሠርጉ ዳስ

(ሚያዝያ ነው፤ ሳይታሰብ የመጣ ዝናብ ውጭውን ይደበድበዋል። በአንዲት ትንሽ የመስኖ ግድብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊው አቶ ምትኩና የመረጃ ባለሙያዋ ስንዱ አንድ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጠዋል።)

አቶ ምትኩ፦ እስከ እሑድ ብቻ ነው ያልኩሽ። ሰኞ ጠዋት ወደ ቦታው ትመልሺዋለሽ።

ስንዱ፦ ጋሽ ምትኩ፣ ቀዩ መስመር እኮ ውሃው እዚህ ከደረሰ መዝጊያው ይከፈት ማለት ነው። እንደ ወንበር ዝም ብሎ አይገፋም።

አቶ ምትኩ፦ ታዲያ ለምን የሚገፋ አድርገሽ ሠራሽው?

ስንዱ፦ የክረምቱና የበጋው ወሰን ስለሚለያይ ነዋ። በየወቅቱ አዲስ መስመር ከማሰምር ብዬ ከግራፉ ሥር መግፊያ አበጀሁለት። ቀስቷን ሲጫኗት ይወጣል፣ ይወርዳል።

አቶ ምትኩ፦ እንግዲያው በልጄ ሠርግ ጊዜ ነው መውጣት ያቃተው? ባለፈው ጎብኚዎች ሲመጡ ግድቡ የሞላ እንዲመስል ዝቅ አድርገሽው የለም?

ስንዱ፦ እርስዎ አዘውኝ።

አቶ ምትኩ፦ አሁንም እኔው ነኝ የማዝሽ። መዝጊያው ከተከፈተ ውሃው የሚሄደው በመስኩ ነው። መስኩ ላይ ዳስ ጥያለሁ። ጠጁ እዚያ፣ ድስቱ እዚያ፣ የሚስቴ እኅቶች በሙሉ እዚያ።

ስንዱ፦ የግድብ ኃላፊ ሆነው ዳስዎን ከግድብ ሥር ጣሉት?

አቶ ምትኩ፦ ሜዳው ደልዳላ ነዋ። በሚያዝያ እንዲህ ይዘንባል ያለ ማን አለ?

ስንዱ፦ ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሲባል አውቃለሁ። መስመር ግፉ ሲባል ግን ገና ዛሬ ሰማሁ። ግድቡ ቢደረመስስ?

አቶ ምትኩ፦ መስመሩ ላይ ሳይደርስ ምን ይደረምሰዋል?

ስንዱ፦ ውሃው መስመሩን አያውቀውም፣ ጋሼ።

አቶ ምትኩ፦ ታረቀኝ ያውቀዋል። መዝጊያ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይህንኑ ግራፍ ነው የሚያየው። ውሃው መስመሩን ካልነካ እጁን ከኪሱ አያወጣም። ወዲያ በይ፣ እኔው ልግፋው። ይኸው። ይኸው፣ አየሽ? ውሃው ራሱ ቀነሰ።

ስንዱ፦ ምኑ ቀነሰ?

አቶ ምትኩ፦ ሰማያዊው። ቅድም አናቱ ድረስ ነበር፤ አሁን ከወገብ በታች ነው።

ስንዱ፦ መስመሩ ከፍ ሲል ግራፉ ቦታ ሊለቅለት ብሎ ሌላውን ሁሉ ያሳንሰዋል። ውሃው እዚያው ነው።

አቶ ምትኩ፦ ትንሽ ብጨምርበት ይደርቃላ።

ስንዱ፦ ይሳቁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። መስመሩ እኮ አሁን ከግድቡ ግንብ በላይ ሆኗል። ከዚህ ቤት ጣሪያም በላይ ነው።

አቶ ምትኩ፦ ከፍ ማለት ማንን ጎዳ? ስልክሽ እየጠራ ነው።

ስንዱ፦ ታረቀኝ ነው። አቤት… እሺ። ውሃው በግንቡ አፍ እየፈሰሰ መዝጊያ ቤቱ ገባ ይላል። ግራፉ ደግሞ ግድቡ ግማሽ ነው ይለዋል። የቱን ልመን ነው የሚለው።

አቶ ምትኩ፦ ግራፉን በይው።

ስንዱ፦ እርስዎ ይበሉት። እንኩ።

አቶ ምትኩ፦ ሄሎ፣ ታረቀኝ። አይዞህ። ጫማህን ነካው? … ካልሲህንስ? … ምን? እስከ ጉልበትህ? … ወንበር ላይ ቆመህ ነው የምታናግረኝ? … ከወንበሩ ላይ ሆነህም ግራፉን ነው የምታየው? … ስማኝ። ጡሩንባውን ንፋ። ሰው ከመስኩ ጨርሶ ሲወጣ ክፈተው። አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩህ።

ስንዱ፦ መስመሩን ልመልሰው?

አቶ ምትኩ፦ እሱን ተዪውና ጃንጥላሽን ያዢ። ለካ የሚገፋው ዳሱ ኖሯል፤ ነይ፣ በአንድ በኩል ያዢልኝ።