ረጋ ባንድና የኔ ምላስ

እስኪ ምግቡ የትም አይሄድም፣ ትንሽ ጆሮ ስጡኝ። ጋሽ ፈንታው፣ አንቱም ወንበርዎን ወደዚህ ያዙሩልኝ፤ ዛሬ የጡረታ ሽኝትዎ ነው፣ ማምለጥ የለም። አጠገባቸው የተቀመጠችው ነሲባ ናት፤ የባንዳቸው ድምፃዊት። የጋበዝኳት እኔ ነኝ፤ ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

ጋሽ ፈንታው እዚህ የፓምፕ ጥገና ወርክሾፕ ሲቀጠሩ ሰኞ ጠዋት ሥራ ይጀምራሉ ተብሎ ነበር። የመጡት ማክሰኞ ነው። ከየት መሰላችሁ? ከሮቢት! ከሮቢት እዚህ ቆቦ ለመድረስ እኮ ኤሊ እንኳ ብትነሳ ሰኞን አታሳልፍም። ኃላፊያችን ተቆጥተው፣ "አቶ ፈንታው፣ ትናንት የት ነበሩ?" አሏቸው።

"መናኸሪያ ነበርኩ" አሉ ኮፍያቸውን እያወለቁ። "ሚኒባሱ ላይ ግፊያ በዛ። ረገብ ሲል እሳፈራለሁ ብዬ ስጠብቅ መሸብኝ።"

ኃላፊውም፣ "በሉ እንግዲህ፣ እንኳን ደህና መጡ" አሉ። እኔ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ገና መረከቤ ነበር፤ ወላሂ ሳቄን ለመደበቅ መደርደሪያ ሥር ገባሁ።

እንዲህ ናቸው። የባጃጅ ልጆቹ ሁሉ ያውቋቸዋል። ፍየሉ ሳይቀር ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ጥግ በተለጠፈበት ፀሐይ፣ "ጋሼ ይግቡ፣ ላድርስዎ!" ይሏቸዋል። "ተባረክ ልጄ፣ አልቸኮልኩም" ይላሉ። ስልክ ሲጠራ መጀመሪያ ያዩታል፣ ከዚያ መነጽር ይፈልጋሉ፤ መነጽሩ ሲገኝ የደወለው ሰው ተስፋ ቆርጧል። ፓምፕ ሲፈቱ ደግሞ ቧንቧውን በጣታቸው መምታት አለ። ዱም... ዱም ዱም።

"ጋሼ፣ ምን ተበላሽቶ ነው?"

"ምንም። አንድ ዜማ አምልጦኝ ነው።"

አዎ ሳቁ። እኔም ስስቅ ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን ያሳፈረኝን ሳቅ ልንገራችሁ።

ጋሽ ፈንታው ከጸጉር አስተካካዩ ታሂርና ከነሲባ ጋር ረጋ ባንድን እንዳቋቋሙ ታውቃላችሁ። ሬጌና ሮክ የተቀላቀለበት፣ ቀስ ያለ ሙዚቃ ነው። ታሂር ከበሮውን ይመታል፣ እሳቸው ቤዝ ጊታር ይይዛሉ። እኛ ምን እንል ነበር? "እንቅልፍ ያጣ ሰው ካለ ወደ ረጋ ባንድ ውሰዱት።" እዚህ ቤት ይህን ያላለ እጁን ያውጣ። አያችሁ፣ አንድም የለም።

የፊታችን ቅዳሜ የሚደረገው የሙዚቃ ፌስቲቫል ሲታሰብ፣ ወርክሾፓችንን ወክዬ ኮሚቴው ውስጥ የገባሁት እኔ ነበርኩ። አመልካቹ በዛ፣ ሰዓቱ አነሰ። ሰብሳቢው፣ "ረጋ ባንድስ? ኡሙሃኒ፣ አንቺ ታውቂያቸዋለሽ" አለኝ።

እኔም ብድግ ብዬ፣ "እነሱ ዘፈን ሲጀምሩ ሩዝ ብጥድ፣ ሲጨርሱ በልቼ፣ ዕቃ አጥቤ፣ ተኝቻለሁ" አልኩ።

የተሰበሰብንበት አዳራሽ በሳቅ ፈረሰ። በዚያው ሳቅ ተሰረዙ። ሌላ ምክንያት አልተጠየቀም፤ የኔ ቀልድ በቃ።

ሳቁ ሲበርድ ዞር ብል፣ ጋሽ ፈንታው ከኋላ ግድግዳው ሥር ተንበርክከዋል። የድምፅ ማጉያው ገመድ ተቆርጦ እንዲጠግኑት ተጠርተው ነበር። ቀና አላሉም። ገመዱን ቀጠሉ፣ በፕላስተር ጠቀለሉ፣ ማይኩን አንስተው "አንድ፣ ሁለት" አሉ። "ይሠራል" ብለው መፍቻቸውን ሰብስበው ወጡ።

በማግስቱ፣ "ኡሙ፣ እንዴት አደርሽ? ልጆችሽ ደህና ናቸው?" አሉኝ፤ እንደ ሁልጊዜው። ይቅርታ ልላቸው አፌን ከፈትኩና ስለ ግሪስ ማለቅ አወራሁ። እንደዚያ ሆኜ ሰነበትኩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ሮቢት እህቴን ጠይቄ ስመለስ፣ ከአንድ አሮጌ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ሙዚቃ ሰማሁ። እነሱ ናቸው። አልገባሁም፣ በምን ፊቴ? ከግድግዳው ውጭ ቆምኩ። ነሲባ ታዜማለች፦

"ዘግይተሽ ነይ እንጂ
ሳትመጪ አትቅሪ..."

ስለ ጎርፍ ነው የምትዘፍነው። ከላይ ከተራራው ሲዘንብ ወርዶ እንዲያጠጣልን፣ እኛ ቆላ ማሳችንን አዘጋጅተን ስለምንጠብቀው ጎርፍ። የገበሬ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ቦዩን ጠርጎ ወደ ተራራው ሲያንጋጥጥ ነው ያደግኩት። ያ መጠበቅ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቀዋለሁ። በዘፈን ሰምቼው ግን አላውቅም ነበር። እሷ ስንኙን ከመሀል ታቆመዋለች፤ ቤዙ ብቻውን ዱም... ዱም እያለ ቦታዋን ይጠብቅላታል፤ ከዚያ ትመለሳለች። እግሬ ሳላዘው መወዛወዝ ጀመረ። እንባዬም እንደዚያው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ለካ ስንት ዓመት ስቀልድባቸው አንድ ዘፈናቸውን እንኳ እስከ መጨረሻው ሰምቼ አላውቅም።

ታሂር ውሃ ሊቀዳ ሲወጣ አገኘኝ። "ምነው ኡሙሃኒ፣ እንደ እንግዳ ውጭ ቆመሻል?" ብሎ አስገባኝ። ነሲባ ተነስታ የራሷን ወንበር ሰጠችኝ።

"ከፕሮግራሙ ወጥታችሁ የለም እንዴ፣ ለምን ትለማመዳላችሁ?" አልኩ።

"ከፕሮግራም ወጣን እንጂ ከዓለም ወጣን እንዴ?" አሉ ጋሽ ፈንታው።

"እና ለምንድን ነው እንዲህ ቀስ የምትሉት?"

የመለሰችልኝ ነሲባ ናት። "ሳንባዬን ታምሜ ነበር። ከዳንኩ በኋላ የቀድሞው ባንዴ፣ ትንፋሽሽ ሲመለስ ነይ አለኝ። ጋሽ ፈንታው ግን፣ አንቺ እስትንፋስሽን ሰብስቢ፣ ዘፈኑ ይጠብቅሻል አሉኝ።"

ጋሽ ፈንታው ወደ ሚኒባሱ ሸኙኝ። መንገድ ላይ እንደምንም፣ "ጋሼ፣ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ለተናገርኩት ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

"ለኔ ምንም አይደል፣ ኡሙ" አሉኝ። ትንሽ ሄድን። "ነሲባ ግን ያን ቀን አብራኝ መጥታ ነበር። በሩ ላይ ሆና ሰምታሻለች።"

ሰምታኛለች። ሰምታኝም ወንበሯን ሰጠችኝ።

በነጋታው ሰብሳቢው ዘንድ ሄጄ፣ "ሳልሰማቸው ነው የፈረድኩባቸው፤ መልሷቸው" አልኩት። "አንቺ አስቀሽ አስወጣሽ፣ አሁን ደግሞ አልቅሰሽ ልታስመልሺ?" አለኝ። አልዋሸም። ከብዙ ክርክር በኋላ የተረፈ ሰዓት ተሰጣቸው፤ ቅዳሜ ልክ ከምሳ በኋላ፣ በዚያ ቃጠሎ። በልመና ያገኘሁት ይህን ነው። ጋሼ፣ ስነግርዎ አንቱ ምን አሉኝ? "ይበቃናል።" እንደማይበቃችሁ ግን አውቃለሁ። የሚገባችሁ የምሽቱ መድረክ ነበር፤ እሱን የወሰድኩባችሁ እኔ ነኝ።

ነሲባ፣ ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ስድቤ በሰው ፊት ስለነበር ነው። ይቅርታዬም በሰው ፊት ይሁን። አፉ በይኝ።

ጋሽ ፈንታው፣ ጎብዬ ድረስ ሄደው ገበሬ ማሳ ላይ ፓምፕ ጠግነው ሲጨርሱ ሹፌሩ ጥሩምባ እየነፋ እንኳ አይነሱም ነበር፤ ውሃው ወጥቶ ገበሬው ፊቱን እስኪታጠብ አብረውት ይቀመጣሉ። እኛ "ዘገዩ" ብለን እናማዎት ነበር። እዚህ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ሐዘን ላይም ሆነ ሕመም ላይ፣ እርስዎ ሳይቸኩሉ አጠገቡ የተቀመጡበት ቀን አለው። ስለዚያ ሁሉ እናመሰግናለን። በጊዜው አለማመስገናችን ደግሞ ያሳፍረናል።

በሉ ተነሱ። ቢራም ይሁን ለስላሳ፣ የያዛችሁትን ከፍ አድርጉ። ጋሼ፣ ጡረታዎ የጤናና የደስታ ይሁንልዎ። የልጅ ልጆችዎን ይዳሩ፣ ጣትዎ ከጊታሩ ክር አይለይ። ነሲባ፣ አላህ አፊያሽን፣ ጤናሽን ሙሉ ያድርገው።

ለጋሽ ፈንታው! ለረጋ ባንድ!

ቅዳሜ ፀሐዩ አናታችን ላይ ሲሆን ሁላችንም ከመድረኩ ሥር ነን፤ ጥላ የያዘ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ለነሲባ ይያዝላት።